«እሺ» ያለው ወላጅ ቃሉን ለምን አይፈጽምም? መምህር ወላጅንና ርዕሰ መምህርን የሚያሳምንበት አሠራር

በየዓመቱ ጥቅምት ገባ ሲል አዲስ የተመደቡ መምህራን አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። አነጋገሩ ይለያይ እንጂ ነገሩ ያው ነው፦ «ወላጁን አስጠራሁት፤ መጣ፤ አስረዳሁት፤ እሺ ብሎ ሄደ። ልጁ ግን በሳምንቱ እንደገና ቀረ።» ጥር ላይ ሁለተኛው ይከተላል፦ «ለርዕሰ መምህሩ ሦስት ጊዜ ነገርኩት፤ ‹እናየዋለን› ይለኛል።» ለእያንዳንዱ በቃል መመለስ ስለሰለቸኝ አሠራሩን በተራ ጽፌዋለሁ።

የጻፍኩት በሰሜን ሸዋ ደጋና ቆላ ለሚያስተምሩ፣ በተለይም ስም ጠሪ ለሆኑ መምህራን ነው። ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ይሠራል፤ የሚለይበት ቦታ ሲመጣ እዚያው እነግርዎታለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የስም መጥሪያ፣ ቀሪው በየቀኑ የተመዘገበበት። ሳምንት ጠብቆ በአንድ ላይ የተሞላ መጥሪያ ለዚህ ሥራ አይሆንም።
• የተማሪው ደብተር፣ ራሱ ደብተሩ። ከተቻለ ሁለት፦ አንዱ ደህና የተጻፈበት፣ ሌላው ባዶ ገጽ የበዛበት።
• የተከታታይ ምዘና ውጤት።
• ለወላጅ ጉዳይ ብቻ የሚውል አንድ ማስታወሻ ደብተር።
• የስልክ ዝርዝር። ከቁጥሩ አጠገብ የማን እንደሆነ ይጻፉ፦ የአባት፣ የአጎት፣ የጎረቤት፣ የቤት አከራይ።
• የወር በዓላትና የአካባቢው የገበያ ቀን የተመለከተበት ቀን መቁጠሪያ።
• ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ወንበሮች። ጠረጴዛ መካከል ከገባ ወላጁ ለክስ የቀረበ ይመስለዋል፤ ደብተሩንም አብሮ ማየት አይችልም።
• ለርዕሰ መምህሩ አንድ ነጭ ወረቀት። አንድ ብቻ።

ክፍል አንድ፦ ወላጅ

1. ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«ልጅዎን ይከታተሉ» ጥያቄ አይደለም። ወላጁ ቤቱ ገብቶ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። «እስከ ታኅሣሥ 25 ድረስ ሐሙስ ሐሙስም ልጁ ክፍል ይዋል» ግን ጥያቄ ነው፤ ቀን አለው፣ መጠን አለው፣ መፈጸሙም አለመፈጸሙም ይታያል።

መፈተኛው ቀላል ነው። አባትየው ቤት ሲደርስ ባለቤቱ «ምን አሉህ?» ብትለው በአንድ ትንፋሽ ሊመልስላት ይችላል? ካልቻለ ጥያቄዎ ገና አልበሰለም። ሦስት ጉዳይ ካለዎት አንዱን ይምረጡና ሁለቱን ለሌላ ጊዜ ያቆዩ። ቀሪው፣ የደንብ ልብሱና የጠቡ ጉዳይ በአንድ ቀን ሲወርዱበት ወላጅ የሚያስታውሰው መወቀሱን ብቻ ነው።

2. ቀሪውን በዕለት ይለዩት

አብዛኛው መምህር ድምሩን ይዞ ይቀርባል፦ «8 ቀን ቀርቷል።» ድምር ያሳፍራል እንጂ ምክንያቱን አያሳይም። መጥሪያውን ይክፈቱና የቀረበትን ቀን በሰኞ፣ በማክሰኞ፣ በረቡዕ እያሉ ይቁጠሩ።

አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ነበረኝ፤ በ5 ሳምንት 8 ቀን ቀርቷል። ሰነፍ ብዬ ፈርጄበት ነበር። በዕለት ስለየው ከ8ቱ 5ቱ ሐሙስ ሆነው ተገኙ፤ የአምስቱም ሳምንት ሐሙስ። ሐሙስ በዚያ ቀበሌ የገበያ ቀን ነው። ልጁ በግ ይነዳ ኖሯል። ይህን ሳላውቅ አባቱን አግኝቼው ቢሆን ኖሮ ስለ ስንፍና አውርቼ እሸኘው ነበር፤ አባትየውም ልጁ ሰነፍ እንዳልሆነ ስለሚያውቅ በልቡ ይስቅብኝ ነበር።

የሚቀርበት ቀን የማይጨበጥ ከሆነ ወቅቱን ይመልከቱ። በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው ቆላ ማሽላ እሸት ሲይዝ ልጆች ወፍ ጥበቃ ይወጣሉ። በምንጃር ጤፍና ሽምብራ በሚሰበሰብበት ሰሞን ክፍሉ ይሳሳል። በመንዝ ደግሞ የበልግ ገብስ ስላለ የየካቲትና የመጋቢት እርሻም ልጅ ይፈልጋል። መነሻው ወቅት ከሆነ የሚጠይቁት ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ቃል ሳይሆን የሦስት የአራት ሳምንት መላ ይሆናል።

3. ወሳኙ ማን እንደሆነ ይወቁ

የሚመጣው ወላጅና የሚወስነው ሰው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። እናት ትመጣለች፤ ከብቱን ማን እንደሚጠብቅ የሚወስነው ግን አባት ነው። አባት ይመጣል፤ ልጅቷ የምትኖረው ግን አያቷ ጋር ነው። ልጁን ብቻውን ጠርተው «ጠዋት ቀስቅሶ የሚልክህ ማነው? ዛሬ ቅር ብሎ የሚያዝህስ?» ብለው ይጠይቁት። ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ምርመራ አያድርጉት።

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለምታስተምሩ፦ ከገጠር መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ወላጅ ብዙ ጊዜ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነው። ስንቅ የሚያመጣላቸው ሰው አለ፤ የሚያድሩበት ቤት አከራይ አለች። ልጁ ማታ መብራት አጥፍቶ ይተኛ ወይም ሲዞር ያምሽ የምታውቀው እሷ ናት። ከአከራይዋ ጋር መነጋገር ግን የወላጁን ፈቃድ ይጠይቃል። አስቀድመው ይደውሉና ያስፈቅዱ፤ አለበለዚያ የልጁ ገመና በጎረቤት አፍ ይገባል።

4. ቀኑንና ቦታውን ለወላጁ እንዲመች አድርገው ይምረጡ

ሰውን አእምሮው ሌላ ቦታ ሳለ ማሳመን አይቻልም። እህሉ አውድማ ላይ የቀረ አባት ፊትዎ ተቀምጦ የሚያየው ደመናውን ነው።

በገጠር የሚመቸው የወር በዓል ነው። ገበሬው ሞፈርና ቀንበር በማያነሣባቸው ቀናት፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ሰው ከነነጠላው ይገኛል፤ ጊዜም አለው። ከእነዚህ የትኞቹ በእርስዎ ቀበሌ አጥብቀው እንደሚከበሩ ነባር መምህር ይጠይቁ፤ ከደብር ደብር ይለያያል። ሙስሊም ወላጆች በሚበዙበት አካባቢ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይቀላል። የገበያ ቀን ግን ለሁሉም የተከለከለ ነው። ከገበያ መልስ ደግሞ ይብሳል፤ ዋጋ የወደቀበት ሰው ለማንም አይመችም።

ቦታው ዕድር ወይም ማኅበር የተሰበሰበበት ሊሆን ይችላል፤ ንግግሩ ግን እዚያ አይሁን። ቀጠሮ ብቻ ይያዙና ከሰው ፈንጠር ብለው ይነጋገሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀጠሮ ሰጥተው አይቅሩ። አንድ ጊዜ አንድ አባት በአጨዳ ሰሞን ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ መጣ። እኔ በዚያ ቀን ድንገተኛ ሥልጠና ተብዬ ወረዳ ሄጄ ነበር፤ አልደወልኩለትም። ቀጥሎ በነበሩት ሁለት ዓመታት ስጠራው አንድም ቀን አልመጣም። እሱን አልወቅሰውም።

5. ልጁን «ወላጅ አምጣ» ብለው ብቻ አይላኩት

ይህን ያደረገ መምህር ሁሉ «አጎቴ ነው» ተብሎ የመጣ እንግዳ ሰው አነጋግሮ ያውቃል። ልጁ ከመንገድ የለመነው ሰው ቁጭ ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፤ «ልክ አስገባዋለሁ» ብሎም ይዝታል። እርስዎም ያሳመኑ ይመስልዎታል።

በስልክ እርስዎ ራስዎ ይደውሉ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወሳኝ ነው፤ ከትምህርት ቤት የሚመጣ ስልክ ያስደነግጣልና። እንዲህ ይበሉ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤ የልጅዎ መምህር ነኝ። ልጁ ደህና ነው፤ ምንም አልሆነም። አንድ የምንመካከርበት ነገር አለ። በማርያም ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይሰጡኛል?» ጉዳዩን በስልክ አይዘርዝሩት። ከዘረዘሩት ወላጁ ፍርዱን ቤት ጨርሶት ይመጣል፤ ወይም ልጁ ያን ማታ ይገረፋል።

6. ንግግሩን በዚህ ቅደም ተከተል ያካሂዱ

ሀ. ሰላምታው ይሙላ። «እንዴት ነዎት» ብሎ ወደ ነገር መግባት በእኛ ዘንድ ማዋረድ ነው። ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው ይጠይቁ፤ መልሱንም ያዳምጡ። ብዙ ጊዜ የቀሪው ምክንያት እዚያው ውስጥ ይወጣል። «በሬው ታሞብኝ…» ካለ ሥራዎ ግማሽ ተጠናቀቀ።

ለ. አንድ እውነተኛ መልካም ነገር ይናገሩ። «ጎበዝ ልጅ ነው» አይቆጠርም፤ ለሁሉም የሚባል ነውና። «ባለፈው ሳምንት ክፍልፋይ ሳስተምር ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ከእኔ በተሻለ መንገድ ለጓደኞቹ አስረዳቸው» የሚለው ግን ልጁን ማየትዎን ያረጋግጣል። መልካም ነገር ካጡለት ቀጠሮውን በሦስት ቀን ያራዝሙና ልጁን ይመልከቱት። በሦስት ቀን ካላገኙ ጉድለቱ የእርስዎ ዓይን ነው።

ሐ. ደብተሩን ይክፈቱ። ከወሬ በፊት ደብተር። ወላጁ ማንበብ ቢችልም ባይችልም ይህ ይሠራል። ማንበብ ለማይችሉ እናት ደብተሩን ጭናቸው ላይ ያድርጉላቸውና ገጹን ራሳቸው ይግለጡት፦ «ይህ የሰኞ ነው፤ ይህ የማክሰኞ፤ ይህ የረቡዕ። የሐሙስ የት አለ? አዩት፤ ባዶ ነው።» አንዲት እናት አምስተኛው ባዶ ገጽ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ እኔ የጨመርኩት ቃል አልነበረም።

መ. ጠይቀው ዝም ይበሉ። በደረጃ 1 የጻፉትን ዓረፍተ ነገር ይናገሩና ያቁሙ። ዝምታው ይከብዳል፤ ወጣት መምህር እዚህ ላይ ይሸነፍና ማብራራት ይጀምራል። አይጀምሩ። ወላጁ እያሰላ ነው፦ በጉን ማን ይነዳል፣ ውሃ ማን ይቀዳል። ሒሳቡን ያስጨርሱት።

አጠራሩን በተመለከተ፦ ዕድሜያቸው ከእርስዎ ያነሰ ቢመስልዎትም እንኳ «እርስዎ» ይበሉ። «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ ለአረጋውያን «አባባ»፣ «እማማ»። ዲግሪ ያለው ወጣት አርሶ አደሩን «አንተ» ካለው የቀረው ንግግር ሁሉ ከንቱ ነው። «ሳይንሱ እንደሚለው» የሚል ነገርም ቤትዎ ይቅር።

7. «እሺ»ን ይፈትኑት

መጀመሪያ ላይ ላነሣሁት ጥያቄ መልሱ በዋናነት ያለው እዚህ ነው። በአገራችን «እሺ» ብዙ ጊዜ «ሰምቼዎታለሁ፤ ፊት ለፊት እምቢ ብዬ አላስቀይምዎትም» ማለት ነው። ስምምነት ላይሆን ይችላል። «እግዚአብሔር ያውቃል» እና «ይሁን እስቲ» ደግሞ ከዚያም የላሉ ናቸው። ወላጁ እየዋሸዎት አይደለም፤ እያከበረዎት ነው። እርስዎ ግን ሁለቱን መለየት አለብዎት።

የሚለዩት ስለ አፈጻጸሙ በመጠየቅ ነው። ከበግ ነጂው ልጅ አባት ጋር የተነጋገርነው እንዲህ ነበር፦

«እሺ መምህር፤ ከእንግዲህ አይቀርም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። የፊታችን ሐሙስ በጎቹን ማን ይወስዳቸዋል?»

ዝም አሉ። በትራቸውን መሬቱ ላይ አሽከረከሩት። «እሱማ… እኔ እግሬን ስለሚያመኝ ያው እሱ ነበር የሚነዳቸው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እንግዲህ ከታች ያለው ጎረቤቴም ሐሙስ ሐሙስ ይወርዳል። በአንድ ላይ ቢነዳልኝ… እኔ ደግሞ ለአጨዳው ልጆቹን እልክለታለሁ።»

ልብ ይበሉ፦ መፍትሔውን ያመጡት እሳቸው ናቸው። እኔ ወንፈል ይግቡ ብል ኖሮ «እሺ» ይሉኝ ነበር። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፦ «መቼ ይጀመራል?»፣ «የልጁን ሥራ ማን ይሠራል?»፣ «ያ ሰው ባይመችስ?» ወላጁ ለሦስቱም የራሱን መልስ ከሰጠ እሺታው እሺታ ነው። ሁለተኛው ላይ ከተደናቀፈ ጥያቄዎን ይቀንሱ። ከአራት ሐሙስ ሁለቱን ማግኘት አራቱንም በቃል ብቻ ከማግኘት ይሻላል።

8. ይመዝግቡ፣ ይከታተሉ

ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አራት ነገር፦ ቀን፣ ማን መጣ፣ ምን ተባለ፣ መቼ ይታያል። የተባለውን በራሳቸው ቃል ይጻፉ። ከመለያየትዎ በፊትም ያንብቡላቸው።

ከዚያ ቃሉ በተፈጸመበት የመጀመሪያ ቀን ይደውሉ። «ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ልጁ ክፍል አለ። አመሰግናለሁ» ብለው ይዝጉ። ለጥፋት ብቻ የሚደውል መምህር ስልኩ አይነሣለትም።

ከወላጅ ጋር በተያያዘ የሚከለከሉ

• የልጅን ውጤት በወላጆች ስብሰባ ላይ በስም አያንብቡ። የመጨረሻው ልጅ ወላጅ ሁለተኛ አይመጣም፤ እርስዎ የሚፈልጉት ደግሞ በተለይ እሱን ነው።
• ከሌላ ልጅ ጋር አያወዳድሩ። በተለይ ከጎረቤት ልጅ ጋር። በመካከላቸው የድንበር ክርክር ይኑር አይኑር አያውቁም።
• ቅቤም ማርም አይቀበሉ። «ቡና ጠጡበት» ቢባልም በአክብሮት ይመልሱ። ዛሬ የተቀበሉት ነገ ማርክ ይጨመርልኝ ሆኖ ይመጣል።
• ወላጁ ጠጥቶ ከመጣ ስለ ጤናው ይጠይቁ፣ ሌላ ቀን ይቅጠሩ፣ ይሸኙ።
• አባትየው ልጁን ፊትዎ ለመምታት ከተነሣ ንግግሩ ያብቃ። «ልጁን እንድናግዘው ነው የጠራሁዎት፤ ከተመታ ነገ ለእኔ እውነት አይነግረኝም» ይበሉ።

ለብቻው የማስቀምጠው ማስጠንቀቂያ፦ አንዲት ተማሪ «ሊድሩኝ ነው» ካለችዎት ከላይ የተጻፈው ሁሉ አይሠራም። ብቻዎን ቤት ሄደው ለማሳመን አይሞክሩ፤ ልጅቷ መናገሯ ከታወቀ ሠርጉ ሊፋጠን፣ እሷም ልትጎዳ ትችላለች። የጋብቻ ዝቅተኛው ዕድሜ በሕግ 18 ዓመት ነው፤ ከዚያ በታች መዳር ወንጀል ነው። በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ ይንገሩ፤ ጉዳዩ በትምህርት ቤቱ በኩል ለወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ይድረስ። የልጅቷ ስም የመረጃ ምንጭ ሆኖ በየትኛውም ስብሰባ አይጠራ። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ታኅሣሥ ላይ ከወትሮው የተለየ ዝምታ የሚታይባትን ልጅ ነቅተው ይመልከቱ።

ክፍል ሁለት፦ ርዕሰ መምህር

እዚህ ነገሩ አጠር ይላል። ርዕሰ መምህር ጊዜ የለውም፤ የሚያሳምነውም ወረቀት ነው።

9. የሚጠይቁት በእሱ ሥልጣን ውስጥ መሆኑን ያረጋግጡ

የክፍለ ጊዜ ድልድል፣ የክፍል አጠቃቀም፣ የቤተ መጻሕፍት ሰዓት፣ ተጨማሪ ትምህርት፤ እነዚህን በአብዛኛው ትምህርት ቤቱ ውስጥ መጨረስ ይቻላል። ከድጎማ በጀት ወይም ከውስጥ ገቢ ገንዘብ የሚወጣበት ጉዳይ የትምህርት ቤቱ ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትም ይመለከተዋል። አዲስ መምህር መቅጠር ወይም ክፍል መገንባት ግን የወረዳ ጉዳይ ነው። የወረዳውን ጉዳይ ለእሱ ካቀረቡለት «እናየዋለን» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። ብዙዎቻችሁ «እናየዋለን» የተባላችሁት በዚህ ምክንያት ነው።

10. በአንድ ገጽ ይጻፉ

አምስት ርዕስ፦ የታየው፣ የምጠይቀው፣ የሚያስወጣው፣ እኔ የማደርገው፣ ውጤቱ የሚታይበት ቀን። ደጋ ላይ ለሚያስተምር የ6ኛ ክፍል መምህር እንዲህ ሊሆን ይችላል (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው)፦

ቀን፦ ኅዳር 9
ለርዕሰ መምህር ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ የ6ኛ ሀ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንዲቀየር ስለመጠየቅ

የታየው፦ ከጥቅምት 18 እስከ ኅዳር 6 ባሉት 3 ሳምንታት ሒሳብ በ1ኛው ክፍለ ጊዜ 9 ጊዜ ተሰጥቷል። ከ52 ተማሪዎች በአማካይ 17ቱ አርፍደው ገብተዋል፤ አብዛኞቹ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግር የሚመጡ ናቸው። በዚያው ሳምንታት ሒሳብ በ3ኛው ክፍለ ጊዜ ሲሰጥ በአማካይ 2 ተማሪ ብቻ ጎድሏል።

የምጠይቀው፦ ውርጩ በሚበረታበት ጊዜ፣ ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 25 ለ6 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስቱ የጠዋት የሒሳብ ክፍለ ጊዜያት ከሰውነት ማጎልመሻና ከሥነ ጥበብ ጋር እንዲቀያየሩ።

የሚያስወጣው፦ የለም። ሁለቱ መምህራን ተስማምተዋል፤ ፊርማቸው ከታች አለ።

እኔ የማደርገው፦ አርፋጆችን በየቀኑ እመዘግባለሁ።

ውጤቱ የሚታይበት፦ ታኅሣሥ 28 አንድ ገጽ ሪፖርት አቀርባለሁ።

ይህ ለምን እንደሚሠራ ይመልከቱ። ርዕሰ መምህሩ ሱፐርቫይዘር ቢጠይቀው የሚመልሰው ቁጥር አለው። ገንዘብ አይጠየቅም። የሌሎቹን መምህራን ቅሬታ እሱ ሊጋፈጥ አይገደድም፤ እርስዎ ጨርሰውለታል። የሙከራ ጊዜው 6 ሳምንት ስለሆነ ቢበላሽ መመለሻ አለው። (ስፖርት በጠዋት ውርጭ ልጆቹን ያሞቃቸዋል የሚለውን ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩትም፤ በቃል ግን ይነገራል።)

መጥሪያው ላይ «አርፍዷል» የሚል ምልክት ለይተው ካልያዙ ይህን ወረቀት መጻፍ አይችሉም። ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት ሦስት ሳምንት መመዝገብ የግድ ነው። ችኮላ ካለብዎት ሁለት ሳምንት፤ ከዚያ ያነሰ ግን የአጋጣሚ ጉዳይ ይባላል።

11. ከስብሰባ በፊት ለብቻው ያነጋግሩት

በመምህራን ስብሰባ ላይ ድንገት የተነሣ ጉዳይ ትክክል ቢሆንም እንደ ክስ ይሰማል። ይህን በራሴ ተምሬዋለሁ። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውሃ የለውም ብዬ በስብሰባ መካከል ተነሣሁ፤ ጭብጨባም አገኘሁ። ርዕሰ መምህሩ ግን እጁን አጣምሮ መከላከል ጀመረ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ውሃው የእኔና የእሱ ጉዳይ ሆነ። በሁለት ወሩ አንዲት ባልደረባዬ ያንኑ ነገር በአንድ ገጽ ጽፋ ቢሮው ገብታ አስጨረሰች። ጭብጨባ አላገኘችም፤ በርሜል ግን አገኘች።

ሰዓቱን ይምረጡ። የጠዋት ሰልፍ ሰዓት፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚላክበት ሳምንት፣ ከወረዳ እንግዳ የመጣበት ቀን አይሆንም። ከሰዓት በኋላ ግቢው ጸጥ ሲል «አሥር ደቂቃ አለዎት?» ብለው ይግቡ። በአሥር ደቂቃም ይውጡ።

12. ሁለት አማራጭ ይዘው ይግቡ

አንድ ሐሳብ ብቻ ካቀረቡ ምርጫው እሺ ወይም እምቢ ነው። ሁለት ካቀረቡ ንግግሩ የትኛው ይሻላል ወደሚለው ይሄዳል። ሁለተኛው አነስ ያለ ይሁን፦ «ሦስቱንም መቀየር ካስቸገረ የሰኞውና የዓርቡ ብቻ ቢቀየር?» ሰኞና ዓርብ አርፋጅ የሚበዛበት መሆኑን መዝገብዎ ካሳየ ማለት ነው። የማይፈልጉትን አማራጭ ለማስመሰል አይጨምሩ፤ ሊመረጥ ይችላል።

13. ውሳኔው ወረቀት ላይ ይዋል

ከተስማማ ወረቀቱ ላይ እንዲመራልዎት ይጠይቁ፤ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ይሰጠው፤ ቅጂ ይያዙ። ያለመተማመን ጉዳይ አይደለም። ርዕሰ መምህር ይቀየራል፤ የሚተካው ሰው የቃል ስምምነት አይወርስም። በስብሰባ የተወሰነ ከሆነ ቃለ ጉባኤው ላይ መስፈሩን ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ።

እምቢ ካለ፦ «ምን ቢሟላ ይቻላል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ይጻፉ። ያ መልስ የሚቀጥለው ወረቀትዎ ነው። ወደ ሱፐርቫይዘር ወይም ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መሄድ ካለብዎት አስቀድመው ለእሱ ይንገሩት። በላዩ ላይ ዘልለው ከሄዱ ጉዳይዎ ቢፈጸም እንኳ የሚቀጥለው አይፈጸምም።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶችና ማስተካከያቸው

«ወላጁ መጣ፤ ግን ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ መዋጮ ተከራከረኝ።» ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ የጠራው ለመዋጮ ብቻ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ የመዋጮውን ቅሬታ ሰምተው ይጻፉለት፤ ለኅብረቱ አደርሰዋለሁ ይበሉ፤ ያድርሱም። የልጁን ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይጀምሩ። በመሐል ላቋርጠው ቢሉ አይሰማዎትም።

«እናትየው ተስማሙ፤ አባትየው አፈረሱት።» ደረጃ 3ን ዘልለዋል። እናትየውን እንደገና አይውቀሱ። «ለአባቱ እርስዎ ይነግሯቸዋል ወይስ እኔ ልደውል?» ብለው ይጠይቋቸው፤ የቤታቸውን ጠባይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

«ልጁ ሁለት ሳምንት መጣና እንደገና ቀረ።» በዚያው ዕለት ይደውሉ። ቀሪው አምስት ሲሞላ አይጠብቁ። «ቃልዎን አፈረሱ» አይበሉ፤ «ጎረቤትዎ አልተመቻቸውም እንዴ?» ይበሉ። በደረጃ 7 «ባይመችስ?» ብለው የጠየቁት ለዚህ ቀን ነበር።

«ርዕሰ መምህሩ ፈቀደ፤ ሪፖርቱን የጠየቀኝ ግን የለም።» ባይጠይቅም በተባለው ቀን ያቅርቡ። ውጤቱ ደካማ ከሆነም ያቅርቡ፦ «17 የነበረው 14 ሆኗል፤ የጠበቅነውን ያህል አይደለም፤ ከገና በኋላ ወደ ቀድሞው ድልድል እንመለስ።» ይህን ያለ መምህር በሚቀጥለው ጊዜ ወረቀቱ በመጀመሪያው ቀን ይመራለታል።

«ስልክ የማይነሣ ወላጅ አለኝ።» ቀበሌው ጉብታ ላይ ካልተወጣ ኔትወርክ የማይገኝበት ሊሆን ይችላል። በዚያ በኩል የሚመላለስ መምህር ወይም የዚያ መንደር ተማሪ ካለ የታጠፈ ወረቀት ይላኩ፤ ወረቀቱ ላይ ግን «ልጅዎ ደህና ነው፤ በ12 በሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ እጠብቅዎታለሁ» የሚል ብቻ ይኑር። ያን ቀን ቀደም ብለው ይድረሱ፤ ወላጁ ካልመጣም ለሚቀጥለው በዓል እንደገና ይጻፉ።